የባለሱቁ ጡረታ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአቅራቢያዋም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት ወይም የባልትና ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ግብር ሳያጓድሉ ይከፍላሉ፤ አገር ቤት ላለ ዘመድም ይልካሉ። ለገዛ እርጅናቸው የሚያስቀምጥላቸው አሠሪ ግን የለም፤ አሠሪዎቹ እነርሱው ናቸውና። የጡረታ ነገር ሲነሣ «የእኔ ጡረታ ሱቄ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ መልስ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል።

ሱቅ ሀብት መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ባለቤቱን በእርጅናው የሚጦረው በጊዜው የሚገዛ ሰው ከተገኘ ብቻ ነው። የኪራይ ውሉ ያልታደሰለት ምግብ ቤት ድስትና ወንበር ሆኖ ይቀራል። በባለቤቲቱ እጅ ሙያ ስሙን ያገኘ ቤትም ያ እጅ ሲደክም ገበያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከትርፉ ከፊሉ በየዓመቱ ከሱቁ ወጥቶ በጡረታ ሂሳብ መቀመጥ አለበት።

የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ሰፊ በር ከፍቷል። ሠራተኛ ሳይቀጥር ለሚሠራ ሰው ሁለት ዋና አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ሴፕ የሚባለው የጡረታ ሂሳብ ነው። በዚህ ባለቤቱ የራስ ሥራ ግብሩን ግማሽ ከተጣራ ትርፉ ላይ ቀንሶ ከቀረው 20 በመቶ ያህሉን ማስገባት ይችላል። ሁለተኛው የብቸኛ ሠራተኛ 401ኬ ነው። እዚህ ባለቤቱ የአሠሪውን ድርሻ ካስገባ በኋላ እንደ ሠራተኛም ይጨምራል፤ የሠራተኛው ድርሻ ጣሪያ በ2026 24,500 ዶላር ሲሆን፣ ዕድሜው 50 የሞላው 8,000 ዶላር ያክላል፤ ከ60 እስከ 63 ዓመት ያለው ደግሞ ተጨማሪው 11,250 ዶላር ይደርሳል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገለጣል። 60,000 ዶላር የተጣራ ትርፍ ያገኘ ባለሱቅ በሴፕ 11,150 ዶላር ያህል ሲያስቀምጥ፣ በ401ኬ ግን ወደ 35,650 ዶላር ሊደርስ ይችላል። በባህላዊው ሥርዓት የገባው ገንዘብ ግብር ከሚጣልበት የዓመቱ ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ ግብሩ የሚከፈለው ገንዘቡ ሲወጣ ነው። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ማውጣት ግን በአብዛኛው 10 በመቶ ተጨማሪ ግብር ስለሚያስከትል፣ ለኪራይና ለድንገተኛ ችግር የሚሆነው ገንዘብ ከዚህ ተለይቶ መያዝ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ። የመዋጮው መጠን የሚሰላው ባለቤቱ ባስታወቀው ገቢ ላይ ነው። ገቢን አሳንሶ ማስታወቅ ሕግን ከመጣሱ ሌላ የራስን እርጅና መቀነስ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታም ከፍተኛ ገቢ ከተመዘገበባቸው 35 ዓመታት ተነሥቶ ስለሚሰላ፣ ዛሬ ከመዝገብ የቀረ ገንዘብ ነገ ከጡረታው ይጎድላል።

ይህ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በወጥ ቤት ያለችውን ሚስት ነው። ዓመታት ሙሉ ያለ ደመወዝ የሠራች ሴት በስሟ የተመዘገበ ገቢ የላትም። በሥራው ላይ ለዋለችበት ተገቢ ደመወዝ ቢከፈላት ግን የራሷን የሶሻል ሴኩሪቲ መብት ታፈራለች። የብቸኛ ሠራተኛ 401ኬ ባልና ሚስትን በአንድነት ስለሚቀበል የራሷን መዋጮ ማስገባት ትችላለች፤ የቤተሰቡም ቁጠባ ከፍ ይላል።

ሌሎች ሠራተኞች ያሉት ባለቤት ለራሱ ብቻ ማሰብ አይፈቀድለትም። ሴፕን ከመረጠ ለራሱ የወሰነውን መቶኛ ሕጉ የሚያሟሉ ሠራተኞች ሁሉ ያገኛሉ። ይህን እንደ ኪሳራ የሚቆጥር ቢኖር አንፈርድበትም፤ ነገር ግን ሳህን አጣቢውና አስተናጋጁም ያረጃሉ። በ2022 የወጣው ሴኪዩር 2.0 የተባለው ሕግ ከ50 የማይበልጡ ሠራተኞች ላሏቸው ድርጅቶች የ401ኬ ወይም መሰል ዕቅድ ማቋቋሚያ ወጪን እንደ ሠራተኞቹ ብዛት በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ ለሦስት ዓመት ከግብር ይቀንስላቸዋል።

ሁሉም እስከ ጣሪያው መድረስ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። እቁቡን ሳያዛንፍ የሚጥል ሕዝብ ግን የየወር መዋጮን ሥርዓት የሚያስተምረው አያስፈልገውም። ለእቁቡ ዳኛ የሚታመን ሰው ለራሱም ይታመን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ባለሱቁ ጉልበቱ ሳይከዳው፣ ዛሬውኑ ከሂሳብ ባለሙያው ጋር ይቀመጥ።