በጉም ይታረድ፣ መጽሐፉም ይገለጥ

ክረምቱ ሊወጣ፣ ጭቃው ሊደርቅ፣ አደይ አበባም ብቅ ልትል ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። እንደ ልማዳችን ማኅበራችን ለዘመን መለወጫ መዋጮ ሰብስቦ ድንኳን ይተክላል፣ ቅርጫውን ያስተባብራል፣ አቅመ ደካሞችን ይጠይቃል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ይቀጥላልም። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር እንጨምርበት ብለን አሳብ አቅርበን ሰሞኑን ብዙ አነጋግሯል። አሳቡም፦ ከበዓሉ መዋጮ ላይ ጥቂቱ ተነስቶ ለደብተር፣ ለእርሳስና ለአንድ የንባብ ምሽት ይዋል፤ ቀኑም ጳጉሜን 3 ይሁን የሚል ነው።

አንዳንድ ነዋሪዎች «ኧረ በዚህ ኑሮ ውድነት መጽሐፍ ምን ሊያደርግልን ነው? መጽሐፍ ወጥ አይሆን!» ብለውናል። አንቀየምም። የሽንኩርቱንና የዘይቱን ዋጋ እኛም እናውቀዋለን፤ ገበያ የምንወጣው አብረን ነው። ሆኖም እስቲ ነገሩን በርጋታ እንነጋገርበት።

በመጀመሪያ ደረጃ ዘመን መለወጫ ከጽሕፈት ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። ዓመቶቻችን የሚጠሩት በማን ስም ነው? በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ አይደለም ወይ? አራቱም ጸሐፊዎች ናቸው። ዓመትን በእንስሳ ስም የሚጠራ አገር አለ፤ የኛ ሊቃውንት ግን ለጸሐፊ ሰጡት። ጳጉሜንም 6 ቀን የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ነው። ይህን የምንለው ሃይማኖት ለመለየት አይደለም። በሙስሊሙ ወገናችንም ዘንድ መጀመሪያ የወረደው ቃል ስለ ማንበብ መሆኑን ጎረቤቶቻችን ሲነግሩን አድገናል። እንግዲህ ንባብ ለበዓላችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ቀኑንም ጳጉሜን 3 ያልነው በከንቱ አይደለም። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፤ ልጆች በዝናቡ ሲታጠቡና ሲጯጯሁ የሚውሉበት ቀን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ መስከረም 8 ይውላል፤ ይኸውም ዩኔስኮ የወሰነው ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ቀን ነው። ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ሲታሰብ ቆይቷል። ዓለም የሚያከብረው የፊደል ቀን በራሳችን የበዓል ሰሞን መሐል ከወደቀ፣ ዝም ብለን ልናሳልፈው ነው እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሪቱ ሲታወጅ ብዙ እናቶችና አባቶች በጎልማሳ ዕድሜያቸው ፊደል ቆጠሩ። ትምህርቱም ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደርሷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ኢትዮጵያ በዚሁ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። በሰፈራችንም የምስክር ወረቀታቸውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ አሉ፤ ለቡና ስንገባ እናየዋለን።

ነገር ግን የማኅበሩን መዝገብ የምንይዘው እኛ ነንና አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቀደም ባሉት ገጾች ላይ ስማቸውን በራሳቸው እጅ እየጻፉ ይፈርሙ የነበሩ አንዳንድ እናቶች፣ ዛሬ አውራ ጣታቸውን ቀለም ወደ መንከር ተመልሰዋል። ዓይን ደከመ፣ መነጽር የለም፣ የሚነበብም ነገር ከቤት ጠፋ። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካላረሱበት ይዝጋል። እኒህን እናቶች ያስተማሩት ወጣቶች ስንት ማታ በኩራዝ ብርሃን ደክመውበታል! ያ ሁሉ ድካም በኛ ዘመን፣ ያውም መብራት ባለበት ቤት ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

ወደ ልጆቻችን ስንመጣ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ፊደሉንም ያውቃል። ለበዓል ግን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ሰው ያዘጋጀውን ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ ያሳልፋል፤ ጻፍ ሲሉትም አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ይጽፈዋል። ስልክ ይጥፋ አንልም፤ እኛም እንደውልበታለን። የምንለው ልጁ በገዛ ፊደሉ፣ ከገዛ አሳቡ አራት መስመር መጻፍ ይልመድ ነው።

«መጽሐፍ ለተማረ ሰው ነው፤ ለኛ ምን ይሠራል?» ለሚሉም መልስ አለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ሁሉ ሰው ገዝቶ አላነበበውም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረውም ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው። አንድ መጽሐፍና አንድ ጥሩ አንባቢ ካለ ለስንት ጆሮ እንደሚበቃ ከዚህ እንማር። ስለዚህ መነጽር የሌላችሁ፣ ፊደል የረሳችሁ፣ ጭራሽም ያልቆጠራችሁ «የኛ ቦታ አይደለም» ብላችሁ እንዳትቀሩ። ምሽቱ በተለይ የእናንተ ነው።

ስለ ገንዘብ እጥረትም ቢሆን የሌላ አገር ምሳሌ እንጥቀስ። አይስላንድ የምትባል 400 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት፣ ክረምቷ ጨለማ የሆነ ደሴት አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሲገደብባት ወረቀት ግን ያን ያህል አልተገደበም ነበር። ሕዝቡም ሌላ ስጦታ ሲያጣ ለገና በዓል መጽሐፍ ይሰጣጥ ጀመር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 ጀምሮም የአዳዲስ መጻሕፍት ዝርዝር እየታተመ ለየቤቱ ሲታደል ኖሯል። እስከ ዛሬም በገና ዋዜማ መጽሐፍ ተቀብሎ ማምሸት ልማዳቸው ነው። ልማዱን የወለደው ችግር እንጂ ጥጋብ አልነበረም። እኛም ችግራችንን እያነሳን ከምንቀመጥ መላ ብንፈልግበት ይሻላል።

በምሽቱ ምን እንደሚደረግ ያሰብነውን ባጭሩ እንገልጻለን። ከወደዳችሁት አዳብሩት።

አንደኛ፦ እያንዳንዱ ቤት በሣጥን ወይም በአልጋ ሥር ያለውን አንድ መጽሐፍ ይዞ ይምጣ። ልብ ወለድ ይሁን፣ ታሪክ ይሁን፣ የተረት መጽሐፍም ይሁን ግድ የለም። በመዝገብ ጽፈን ከአንዱ ወደ ሌላው ቤት እናውሰዋለን፤ እስከ መስቀል ተነቦ ይመለሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለም?

ሁለተኛ፦ ሽማግሌዎችና ልጆች ጎራ ለይተው እንቆቅልሽ ይጠያየቁ። ያልመለሰ እንደ ወጉ አገር ይሰጣል። ባለፈው በዓል እንዳየነው ከሆነ ልጆቹ ብዙ አገር ሳያስረክቡ አይቀሩም!

ሦስተኛ፦ የቃላት ጨዋታ ይኑር። በአማርኛችን አጻጻፉ አንድ ሆኖ ሲያነቡት ጠብቆና ላልቶ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ሞልቷል። «ገና» በዓልም ነው፣ ያልደረሰም ነው። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋም ነው፣ ያልጠበበም ነው። «ዋና» ውሃ ላይም አለ፣ ከጭፍራ ፊትም አለ። እንዲህ ያለውን ቃል ይዞ ሰምና ወርቅ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር የሠራ ይጨበጨብለታል። ብዕር የሚቀናቸው ወጣቶች እዚህ ላይ ይታያሉ።

አራተኛ፦ ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። ዘንድሮ ከሥዕሉ ጀርባ ከራሳቸው ያፈለቁትን ግጥም ወይም ምርቃት አራት መስመር ይጻፉበት። የተቀበላችሁ ሰዎችም ሳንቲም ከመስጠታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ልጁ የዚያን ቀን ደስታ አይረሳም።

አምስተኛ፦ ይህ ከሁሉም የሚበልጥብን ነው። ለአሥር ያህል ልጆች ደብተር ሰጥተን፣ እያንዳንዱ ከአንድ አረጋዊ ጎን ተቀምጦ የሚነገረውን ይጻፍ። «ምን እንጻፍ?» ለሚሉ ርእሱን እንሰጣለን፦ በልጅነትዎ እንቁጣጣሽ እንዴት ይከበር ነበር? ይህ ሰፈር መጀመሪያ ምን ይመስል ነበር? ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር? መጽሐፍ ሆኖ ያልታተመ ስንት ታሪክ አለ፤ ከባለቤቱ ጋር በየዓመቱ እየሸኘነው ነው። በሰልስት ላይ «ምነው ጠይቀን በነበር» ከማለት በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ ይሻላል። ዓረብ አገር ወይም ሌላ ዘንድ ልጅ ያላቸው እናቶችም ደብዳቤ ማስጻፍ ቢፈልጉ እዚያው ይጻፍላቸው። ድምፅማ በስልክ ይሰማል፤ ደብዳቤ ግን ትራስ ሥር ያድራል።

ወጪውን በሚመለከት ለአቅመ ደካሞች ከሚሰጠው ዶሮና ዱቄት አንድ ሳንቲም አይነካም። ከቅርጫውም አይነሳም። እኛ የምንለው የድምፅ ማጉያው በሁለት ቀን ፈንታ አንድ ቀን ብቻ ይከራይ ነው። በተረፈው ገንዘብ ደብተሩና እርሳሱ ይገዛል። ወጣቶች ይህ ቅር እንደሚላችሁ እናውቃለን፤ ጭፈራውም የበዓል ወግ ነው። ግን አንዱን ቀን በማጉያ ጨፍሩ፣ ሌላውን በከበሮና በጭብጨባ አድርጉት፤ አባቶቻችሁ ያለ ማጉያም ሰፈሩን ያናውጡ ነበር።

ይህን የሚጽፈው እጅ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ መጻሕፍት ለመናገር ዲግሪ ያላቸው በሰፈራችን አሉ፤ ምሽቱን እንዲመሩልን እንለምናቸዋለን። እኛ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በሚቀጥለው የመዋጮ መዝገብ ላይ ከአውራ ጣት አሻራው አንዱ እንኳ ተመልሶ ስም ሆኖ ማየት።

ስለሆነም ውሳኔው የእናንተ ነውና በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ተገኝታችሁ አሳባችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። የምትቃወሙም ኑ፤ በግልጽ ተነጋግረን እንወስን። መጽሐፋችሁን ግን ካሁኑ አቧራውን አራግፋችሁ አዘጋጁት።

መልካም አዲስ ዓመት!

የማኅበሩ ጸሐፊ