ስለ ፅጋቡ ግርማይ ለምን አይወራም?

ባለፈው ሳምንት በጠቅላላ ዕውቀት ውድድራችን ላይ «በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አዳራሹ ጸጥ አለ። የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾችን እስከ ተቀያሪው ድረስ የሚዘረዝረው ሁሉ አንገቱን ደፋ። መልሱ ፅጋቡ ግርማይ ነበር።

እኛ እንደምናምነው ፅጋቡ ያልታወቀው ሥራው ትንሽ ሆኖ ሳይሆን በሜዳሊያ የማይለካ ስለሆነ ነው። የመቀሌው ተወላጅ በ2004 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ቡድን ጀምሮ በጣሊያን፣ በባሕሬን፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ቡድኖች ተቀጥሮ ጋልቧል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የተጀመረው ቱር ደ ፍራንስ በ21 ዙር ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጋለብበት ነበር። ታዲያ እዚያ ምን ይሠራል? ረዳት ነው። ከመኪናው ውሃ እየተቀበለ ለጓደኞቹ ያድላል፤ ከፊት ሆኖ ነፋሱን በደረቱ ይመክታል። ከገነተ ማርያም ወደ ላሊበላ ገበያ በነፋስ ቀን የወጣ ሰው ከሌላው ጀርባ መሄድ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቃል፤ በቢስክሌት ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ እጅግ የባሰ ነው። በዚያ ዓመት የቡድኑ ሰው ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሜንቸስ 8ኛ ወጣ። ጋዜጣው የጻፈው የሜንቸስን ስም ነው፣ ምን ይደረግ!

ነገሩ የቆየ ነው። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም.፣ እነ ገረመው ደንቦባ በቡድን 9ኛ ሲወጡ፣ ማሞ ወልዴ ገና ማጣሪያውን እንኳ አላለፈም ነበር። ከዚያ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ድል አደረገና ዓይናችን ሁሉ ወደ ሩጫው ዞረ። መዞሩ ተገቢ ነው፤ ቢስክሌቱን ጨርሶ መርሳት ግን ምን የሚሉት ነው? ጎረቤታችን ኤርትራ አልረሳችም፤ ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል።

ጽሑፉን ሳይለጠፍ ያነበበ አንድ ጓደኛችን «የመቀሌ ልጅ አይደለም እንዴ?» አለን። አዎ፣ ነው። ጦርነቱ የእኛንም ቤት አንኳኩቷል፤ ላሊበላም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ አይተናል። ነገር ግን እየሩ ገብሩ የምትባል የትግራይ ቢስክሌተኛ ከዚያው ጦርነት ሸሽታ በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በስደተኞች ቡድን ስም ተሰለፈች። አገር እያላት! ነገ አስተማሪ ሆነን ክፍል የምንገባ ሰዎች «የማን ልጅ ነው» እያልን ስም የምንቆጥር ከሆነ ተማሪው ከእኛ ምን ይማራል?

በስፖርት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ከአበበና ከማሞ ፎቶግራፍ አጠገብ ባዶ ቦታ አለ። የፅጋቡን ወይም የገረመውን ፎቶግራፍ ያላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ ለዝግጅት ክፍሉ ብታቀብሉን እንለጥፋለን።