የይለፍ ቃል ብቻውን ዘበኛ አይሆንም

መርሳ ላይ ሽንኩርት የሸጠ የሀብሩ ገበሬ ባንክ ያስገባውን ገንዘብ ወልድያ ሄዶ ማውጣት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀድሞ ሒሳቡ የሚገኘው በተከፈተበት ቅርንጫፍ መዝገብ ብቻ ነበር። ዛሬ ቅርንጫፎች በኔትወርክ ተሳስረው የጋራ መዝገብ ይጠቀማሉ። ይህ ለገበያው ታላቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡን የሚነካው እጅ በበዛ ቁጥር ጥንቃቄውም መብዛት ይኖርበታል።

ጥንቃቄው ሁለት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው «ማን ነህ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ምን ተፈቅዶልሃል?» የሚል ነው። የይለፍ ቃልም ሆነ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ የሚመልሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሲዘነጋ የሚደርሰውን ጉዳት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አይቶታል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ወጪ አደረጉ። ባንኩ ምክንያቱ የሥርዓት ማሻሻያ እንጂ የውጭ ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ ያላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን አስታውቋል። ካርዱ የባለቤቱ ነው፤ የምስጢር ቁጥሩም ትክክል ነው። የጎደለው የሚገባውን መጠን ማጣራት ነበር።

በትንሽ ከተማ ቅርንጫፍ ፈተናው ሌላ መልክ አለው። በገበያ ቀን ወረፋው በር ድረስ ሲደርስ፣ ለስብሰባ የሚወጣ ኃላፊ የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ትቶ ቢሄድ ሥራው ይቀላጠፋል። ነገር ግን ክፍያውን የሚያዘጋጀውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው ይሆናል። ገንዘብ ቢጎድል መዝገቡ የሚመሰክረው በሌለው ኃላፊ ላይ ነው።

የሰው ኃይል እጥረት መኖሩ አይካድም። መፍትሔው ግን የይለፍ ቃል መዋዋስ ሳይሆን፣ ለተተኪው በራሱ ስም፣ በተወሰነ የገንዘብ መጠንና ለተወሰነ ቀን ሥልጣን መስጠት ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ የተዛወረ ሠራተኛም የቀድሞ ፈቃዱ በዚያው ዕለት ሊዘጋ ይገባል።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ስትፈተን እንደታየው፣ ቅርንጫፍ ከማዕከል የሚቆረጥበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን የቅርንጫፉን ፈቃድ ከማዕከል መዝጋት ካልተቻለ፣ በሩን መቆለፍ ብቻውን የገበሬውን ገንዘብ አያድንም።

ባንኮች ለአዲስ ቅርንጫፍ ምረቃ የሚሰጡትን ትኩረት ለፈቃድ ዝርዝርም ይስጡ። ደንበኛው የሚያምነው ሕንፃውን ሳይሆን መዝገቡን ነውና።