የሰውን ቃል በራስ ስም

በኮሌጅ ያሉ ወጣቶች ከሚሠሯቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ ከዕድሜ ጋራ መጥተው ከዕድሜ ጋራ የሚሄዱ ናቸው። ሌሊቱን በጨዋታ አሳልፎ ጧት መምህሩ ፊት የሚያንቀላፋውን፣ ከቤት የተላከለትን ገንዘብ በወሩ መጀመሪያ ጨርሶ በመጨረሻው ብድር የሚለምነውን ልጅ ኑሮ ራሱ ይገሥጸዋል። እኔ ዛሬ የምነቅፈው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም የመመረቂያ ጽሑፍን በገንዘብ አስጽፎ በራስ ስም ማቅረብ ነው።

ነገሩ በስውር የሚደረግ እንዳይመስላችሁ። በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባሉ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ደጃፍ «ጥናታዊ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ። ማማከር የሚባለው ቃል ምን ያህል ሸክም ተጫነበት! ርእሱን የሚመርጠው ባለሱቁ፣ መጠይቁን ቁጭ ብሎ የሚሞላው ባለሱቁ፣ የተማሪው ድርሻ ስሙን መስጠት ብቻ ነው። በመግቢያው ላይ ለእናቱ የቀረበውን ምስጋና እንኳ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ያንኑ በደቂቃ ይሠራዋል፤ ዋጋው ረከሰ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም።

የአብነት ትምህርት ሽምደዳ ነው እያልን መሳለቅ ለምደናል። ዳዊቱንና ዜማውን ተማሪው በቃሉ መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ለመቍጠር ከሰው ተለይቶ ጥግ ይዞ ይውላል። ሲመለስም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርምለታል ወይም ይጥልበታል። ይህ ሳይቀናው ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ አያልፍም። የሌላውን ቅኔ አምጥቶ የኔ ነው ቢል በባልንጀሮቹ ፊት መሳቂያ ይሆናል። የቆሎ ተማሪ ቍራሽ ይለምናል እንጂ ቅኔ አይለምንም። እናንተ ግን፣ መኝታና ምግብ ቀርቦላችሁ፣ 60 ገጽ ሙሉ ትለምናላችሁ፤ በልመናውም ላይ ጋውን ለብሳችሁ ፎቶግራፍ ትነሣላችሁ።

«እንግሊዝኛው ከበደኝ» የሚለኝ ተማሪ አለ። ይህን አልንቀውም፤ በአማርኛ ወይም በሌላ ያገሩ ቋንቋ ትምህርት ጀምሮ በኋላ በባዕድ ቋንቋ ጻፍ የተባለ ልጅ ችግሩ እውነተኛ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ አስቀድሞ በገዛ ቋንቋ ማሰብና መጻፍ፣ ከዚያም አጭር አጭር ዐረፍተ ነገር እያደረጉ መመለስ ነው። የተንጋደደ የራስ ዐረፍተ ነገር ይታረማል፤ የተገዛው ምኑ ይታረማል?

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ከግማሽ የሚበልጡት ማለፊያውን 50 ከመቶ አላገኙም። ከእነዚህ ስንቱ ጽሑፍ ገዝቶ እንደ ነበር ማንም አልቈጠረም፤ ፈተናውም ቢሆን መልስ የሚመረጥበት እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ በሽተኛ ምን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ጀመረው፣ ምን መድኃኒት እንደ ተሰጠው የሚገልጽ ሦስት መስመር ይዞ ይሄዳል። ያየውን በራሱ ቃል ጽፎ የማያውቅ ባለሙያ ያን ሦስት መስመር ከማን ይገዛል? የፎቶ ኮፒው ቤት ሌሊት ዝግ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በተማሪ ላይ መጫን ግን ግፍ ይሆናል። ገዢ የበዛው አንባቢ ስለ ጠፋ ነው። የቅኔ መምህር እያንዳንዱን ተማሪ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማል፤ የእኛ መምህር ሽፋኑን አይቶ ማርክ ይሰጣል። ከጽሑፉ መካከል አንዱን ገጽ ገልጦ «ይህን ቁጥር ከየት አገኘኸው? እስቲ በአማርኛ አስረዳኝ» ቢለው እኮ፣ 10 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም።