ቅጠሏን ያራገፈችው ትንሽ ዛፍ

ለዚህ አምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ስለ ቤት ወጪ የሚያወሱ ናቸው። ሰሞኑን የደረሰን አንድ ደብዳቤ ግን ከእነዚህ ለየት ይላል። ጸሐፊዋ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ናቸው። ባለቤታቸው ለግዳጅ ከመሰማራታቸው በፊት ቁመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፣ ግርጌዋ ያበጠ፣ እንደ አሮጌ ዛፍ የተጣመመች ተክል ከነሸክላዋ ገዝተው ያመጣሉ፤ ሲሄዱም «ይህችን አደራ» ብለው ይሰናበታሉ። እኅታችንም አደራ ነውና ተክሏን ከመስኮት አጠገብ አንሥተው ክብር ወዳለው ሥፍራ፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ ከባለቤታቸው ፎቶግራፍ ጎን ያኖሯታል፤ ማለዳ ማለዳም ውሃ ያጠጧታል። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ ይረግፍ ጀመር። አንዲት ጎረቤትም «ገዱ መልካም አይደለም» አሏቸው። ደብዳቤው የሚያበቃው «ዛፏ ምን ትባላለች? ትድንስ ይሆን?» በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

በቅድሚያ የገዱን ነገር እናንሣ። የአንድ ተክል ቅጠል መርገፍ በግዳጅ ላይ ካለ ወታደር ደኅንነት ጋር የሚያገናኘው አንዳችም ነገር የለም። ቅጠል የሚረግፈው በብርሃን፣ በውሃና በሙቀት ሳቢያ ነው። ሳቢያው ደግሞ ተፈልጎ ሊገኝና ሊታረም የሚችል ነው። ይህን አንቀጽ ለጎረቤትዎም ቢያነቡላቸው መልካም ነው።

ወደ ስሟ እንለፍ። ብዙ ሰዎች ድንክ ዛፍ የሚባል ራሱን የቻለ የዛፍ ዘር ያለ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። ጃፓኖች ቦንሳይ የሚሉት፣ ትርጉሙም በዝርግ ሸክላ የተተከለ ማለት የሆነው ጥበብ፣ በሜዳ ቢተከል ትልቅ የሚሆነውን ዛፍ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየከረከሙ፣ በጠባብ ሸክላ እየያዙ አሳንሶ ማኖር ነው። ጥበቡ የተወለደው በቻይና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራ የአንድ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ትንንሽ ተክሎችና ድንጋዮች የተደረደሩበት ሳህን የተሸከመ አገልጋይ ተሥሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ዛፍ ምን ያህል ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ለመገመት ደግሞ የሂሮሺማውን ነጭ ጥድ ማንሣት ይበቃል። ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸክላ ሲታነጽ የኖረው ይህ ዛፍ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. የአቶም ቦምብ ሲወድቅ ከፍንዳታው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባለቤቱ ግቢ አጥር ተከልሎ ተረፈ። በ1976 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ተሰጠ። የዛፉን ታሪክ ግን ዋሽንግተን ያሉት ተንከባካቢዎቹ የሰሙት በ2001 እ.ኤ.አ. የባለቤቱ የልጅ ልጆች ሊጎበኙት በመጡ ጊዜ ነው። ቦምብን ያለፈ ዛፍ በቁም ሣጥን ላይ ሊሞት መቻሉ የሚያስገርም ቢመስልም እውነት ነው። ጨለማና የረጋ ውሃ ጊዜ ይወስዱ እንደሆነ እንጂ መግደሉን ያውቁበታል።

እንግዲህ «ድንክ ዛፍ አለኝ» ማለት ዛፉን አላሳወቀም። በውትድርና ሙያ ቅኝት ከስምሪት ይቀድማል፤ በዚህም ጉዳይ መለየት ከመንከባከብ መቅደም ይኖርበታል። እኅታችን ቅጠሉ ሲቀነጠስ ፈሳሽ እንደሚወጣው፣ ግርጌውም እንዳበጠ ጽፈዋል። ይህ መግለጫ ሁለት ፈጽሞ የማይዛመዱ ተክሎችን ሊያመለክት ይችላል። በቤታቸው የአሥራ አንድ ወር ሕፃን እንደሚድህም ስለ ጠቀሱ፣ ልዩነቱን ጠንከር አድርገን ማስረዳት ግድ ይሆንብናል።

የመጀመሪያው ፊከስ ማይክሮካርፓ የሚባለው ነው። የትውልድ ሥፍራው ከደቡብ እስያ እስከ አውስትራሊያ ሲሆን፣ የእኛዎቹ ዋርካና ሾላ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። በሜዳ ሲያድግ ጥላው ብዙ ሰው የሚያስጠልል ትልቅ ዛፍ ይሆናል። በሸክላ ሲሸጥ ያበጡት ሥሮቹ ከአፈሩ በላይ ወጥተው እንደ ሰው እግር ተነጣጥለው ይታያሉ። ቅጠሉ ሞላላ፣ ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በቅርንጫፉ ርዝመት ልክ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ይበቅላል። ቅጠሉ በተነቀለበት ቦታ ቅርንጫፉን እንደ ቀለበት የሚዞር ቀጭን መሥመር ይቀራል፤ በጫፉም ላይ እንደ መርፌ የሾለ እምቡጥ ይታያል። ሲቀነጠስ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ወተት ነው።

ሁለተኛው በውጭው ዓለም የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው፣ ሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሱም የሆነው ተክል ነው። ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። ስሙ የመጣው ከኤደን ወደብ ነው። ይህ የሩቅ አገር ተክል አይደለም። በቆላማው የምሥራቅ ኢትዮጵያ ክፍል፣ በሶማሊያና በኬንያ በራሱ የሚበቅል ስለሆነ፣ በዚያ ያገለገሉ አንባቢዎቻችን ከድንጋይ መካከል አብጦ ቆሞ በድርቅ ወራት ሮዝ አበባ ሲያወጣ ሳያዩት አልቀሩም። ግንዱ ልሙጥ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ከታች እንደ ጠርሙስ የተነፋ ነው። ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ብቻ እንደ እቅፍ ተሰብስበው ይቆማሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ቅርንጫፍ ራቁቱን ነው። ቅጠሉ ከግርጌው ይልቅ ወደ ጫፉ ይሰፋል። ዙሪያ ቀለበቱ የለም። ፈሳሹም ከፊከሱ የቀጠነ፣ ውሃ የበዛበት ነው፤ ይሁን እንጂ በፈሳሹ መልክ ብቻ አይፍረዱ፤ የቅጠሉን አቀማመጥና ቀለበቱን ይመልከቱ።

ይህን ያህል የደከምነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአዴኒየም ፈሳሽ የልብን ምት የሚያውክ ኃይለኛ መርዝ ነው። በሰሜን ታንዛኒያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት የሃድዛ አዳኞች ከዚሁ ተክል የሚያዘጋጁትን መርዝ በቀስታቸው ጫፍ ላይ ይቀባሉ። ተክሉን ስለዚህ ከቤት አውጥቶ መጣል አያስፈልግም፤ ነገር ግን የሚድህ ልጅ ባለበት ቤት ልጁ በማይደርስበት ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የረገፈው ቅጠል ወዲያው ይለቀማል፤ የነካው እጅም በሳሙና ይታጠባል። ልጅ ካኘከ አፉን በውሃ አጥበው፣ አንድ ቅጠል ይዘው ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ለማስታወክ አይሞክሩ። የፊከሱ ወተት እንዲህ አይከፋም፤ ቆዳን ያሳክካል፣ የዋጠውንም ሆዱን ያውከዋል፤ እሱም ቢሆን ለሕፃን የሚሰጥ አይደለም።

አሁን ወደ መዳኑ። ዛፏ ፊከስ ከሆነች ሕመሟ ከደብዳቤው ራሱ ይነበባል። ይህ ተክል ቦታ መለወጥ አይወድም፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲዛወር ቅጠሉን ይጥላል። ከመስኮት ወደ ቁም ሣጥን የተደረገው ዝውውር በክብር የተፈጸመ ቢሆንም ለዛፏ ወደ ዋሻ እንደ መግባት ነው። ፎቶግራፉ ባለበት ይቆይ፤ ዛፏ ግን ወደ መስኮቷ ትመለስ፣ ከዚያም በኋላ ሥፍራ አይቀያየርባት። ውሃ በየማለዳው በልማድ አይሰጥም። ጣትዎን ግማሽ ጣት ያህል አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት፤ ደርቆ ካገኙት ከሸክላው ቂጥ እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ፤ በማስቀመጫ ሳህኑ የተጠራቀመውን ይድፉ። ሸክላው ቀዳዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ነውና በመጀመሪያ ያንን ይመልከቱ።

በሕይወት መኖሯን ለማወቅ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ልጡን በጥፍር በስሱ ይፋቁ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ ሞቷል፤ ወደ ታች እየወረዱ ይሞክሩ። በሕያው ቅርንጫፍ ላይ አዲስ ቅጠል እስኪያቆጠቁጥ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ አይጨመር፣ ሸክላም አይለወጥ። ስታገግምና ቅርንጫፎቿ ስድስት ሰባት ቅጠል ሲያወጡ፣ ሁለቱን አስቀርቶ ሌላውን በስለታም መቀስ መቁረጥ ቅርጿን ይጠብቃል። በሁለት ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ከሸክላው አውጥቶ ከሥሩ እስከ ሲሶ ድረስ መከርከምና አዲስ አፈር ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መመለስ ያስፈልጋል።

አዴኒየም ከሆነች ነገሩ ይገለበጣል። ይህ የበረሃ ተክል በብርድ ወራት ቅጠሉን መጣሉ የተፈጥሮ ልማዱ እንጂ ሕመሙ አይደለም፤ ያን ጊዜ የሚገድለው በደግነት የሚጨመርለት ውሃ ነው። ግርጌውን በጣትዎ ጫን ይበሉት፤ እንደ ድንች ከጠነከረ ደኅና ነው፤ ውሃውን አቁመው ሙሉ ፀሐይ ያግኝ። ከለሰለሰና ከሸተተ ግን በስብሷል። ድሬዳዋ ላይ ከደጅ ውሎ ማደር ይችላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚገድለው ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ፤ በክረምትም ከዝናብ ይከለል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ቅጠሉ እንደ ጥድ ቅርፊት መሰልና የሚሸት ከሆነ ዛፉ የጥድ ወገን ነው፤ ቦታውም ከቤት ውጭ፣ ከፀሐይ ላይ ነው። ይህ ዛፍ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል፤ ብዙዎች በቤት ውስጥ የሚያጠጡት ሬሳ ነው።

እኅታችን፣ እንግዲህ አንዲት ቅጠል ቀንጥሰው ቀለበቱን ይፈልጉ፤ ሕፃኑ ግን ይህ እስኪለይ ድረስ ከአካባቢው ይራቅ። ያገኙትን ጽፈው ቢልኩልን፣ ለሃምሳ አለቃም በሚጽፉላቸው ደብዳቤ ዛፏ ወደ መስኮቷ መመለሷን ቢገልጹላቸው ደስ ይለናል።