አንድ ፍላሽ አማና አይሸከምም



ባለፈው ዓመት ተመራቂዎቻችን የጀመዓውን ፍላሽ ሲያስረክቡን በውስጡ የዓመታት ልፋት ነበር፦ የተቀዱ ደርሶችና ሙሐደራዎች፣ የቲቶሪያል ማስታወሻዎች፣ የአባላት መዝገብ። ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ግን ፎርማት ካልተደረገ አልከፈትም አለ። ሌላ ቅጂ አልነበረም። ጥፋቱን በማንም ላይ አላሳብብም፤ ሁላችንም አንዷን ፍላሽ አምነን ተኝተን ነበር።

«ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ» የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበትን ጊዜ አንረሳም።

ስለዚህ ጀመዓው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዛ እላለሁ። አንድ ባለ 2 ቴራባይት ሳይሆን ሁለት ባለ 1 ቴራባይት፤ አንዱ በወንድሞች አሚር፣ ሌላው በእህቶች አሚራ እጅ ይቀመጥ። በየማማ ጦርነት ብዙ ሐፊዞች በተገደሉ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ.) ቁርኣን እንዲሰበሰብ ለአቡበክር (ረ.ዐ.) ሐሳብ አቀረቡ፤ ቆይቶም ዑስማን (ረ.ዐ.) ቅጂዎችን አስገልብጠው ወደተለያዩ ከተሞች ላኩ። ቁርኣንን የሚጠብቀው አላህ መሆኑን እያወቁ ሰበቡን አላስቀሩም። እኛስ ለራሳችን ሥራ?

«ገንዘቡ ለተቸገሩ ተማሪዎች ቢውል አይሻልም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስታወሻው ሲጠፋ ቀድሞ የሚጎዳው ላፕቶፕም የፎቶ ኮፒ ገንዘብም የሌለው ተማሪ ነው።

ስንገዛ እንጠንቀቅ። ትንሹ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ኃይሉን ከላፕቶፑ ይወስዳል፤ ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ግን የራሱ የመብራት ገመድ ይፈልጋል፣ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል። ኤስኤስዲ ፈጣንና መውደቅን የሚችል ቢሆንም ዋጋው ይወደዳል፤ ለማስቀመጫ ተራው ይበቃናል። «16 ቴራባይት በርካሽ» የሚባለውን እለፉት፤ ብዙ ጊዜ መጠኑ በውሸት የተጻፈበት ነው፣ ሲሞላ የቀደመውን ፋይል ያጠፋል። ባለ 1 ቴራባይቱ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ቢል ግን አትደንግጡ፤ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም።

ሲሰካ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው የዩኤስቢ ቀዳዳ ፈጣኑ ነው። ፎርማቱ ኤክስፋት ቢሆን ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፤ ፋት32 ግን 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። በመድረሳ ሎሃችንን የምናጥበው ኡስታዙን በቃላችን ካሰማን በኋላ ነበር። ፎርማትም እንዲሁ ነው፦ ያለው ነገር ሌላ ቦታ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትጠቡ። ዲስኩ እየሠራ አታንቀሳቅሱት፤ ስትጨርሱም በኮምፒውተሩ «ኢጀክት» ሳትሉ አትንቀሉት። በየወሩ መጨረሻ ሁለቱን ዲስኮች አስተያዩ፤ አንዱ ያለው ሌላው ላይ ከሌለ ቅጂ አለን አንበል።

በስልካችሁ የቀሩ የድሮ ደርሶች ካሉ ለመጪው ጁሙዓ ይዛችሁ ኑ። የጠፋውን ሁሉ ባንመልስም የተረፈውን፣ ኢንሻአላህ፣ ለሚመጡት እናስረክባለን። አማናው የእነሱም ነው።

ወሰላሙ ዓለይኩም።