የሰው ፍላሽ ላይ ቁጥር ከመቀየር በፊት

አንዲት ቁጥር ቀይሮ የፍላሽን ፍጥነት እጥፍ ማድረግ ይቻላል የሚል ምክር በየኮምፒውተር ቤቱ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው፤ ጉዳት የሚያመጣው ያልተነገረው ግማሽ ነው።

ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ ፋይሉን ቆራርሶ ይልካል። ለእያንዳንዱ ቁራሽ 31 ባይት ትእዛዝ ይቀድማል፣ ዳታው ይከተላል፣ 13 ባይት ማረጋገጫ ይመለሳል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ እህል ለማድረስ በአይሱዙ አንዴ መሄድና በባጃጅ ደጋግሞ መመላለስ እኩል አይደሉም። ሊኑክስ በዩኤስቢ 2 በአንድ ምልልስ የሚፈቅደው 240 ሴክተር፣ ማለትም 120 ኪሎባይት ነው። ለዩኤስቢ 3 ግን 2048 ሴክተር፣ 1 ሜጋባይት ይፈቅዳል። መካሪዎቹም 240ውን 2048 አድርጉት ይላሉ።

ገደቡ ለምን ተቀመጠ? ዊንዶውስ ለረጅም ዘመን በ64 ኪሎባይት ስለኖረ፣ በእሱ ብቻ ተፈትሸው ገበያ የወጡ ርካሽ ቺፖች ከዚያ በላይ ሲጫንባቸው ይደናበራሉ። ሊኑክስ ችግራቸው የታወቀባቸውን በ64 ሴክተር፣ በ32 ኪሎባይት ብቻ ያስኬዳቸዋል። ያልታወቁትስ? ፍሬኑ ባልተፈተሸ መኪና ላይ ጭነት ጨምሮ ሐረጎን መውረድ ነው።

ትርፉም የሚወራለትን ያህል አይደለም። የርካሽ ፍላሽ መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከመጻፊያው ነው፤ መንገዱ ቢሰፋ ማራገፊያው አይሰፋም። ሺህ ትንንሽ ፎቶ ለሚገለብጥ ሰውም ቁጥሩ ምንም አይፈይድለትም።

ደሴና ኮምቦልቻ ፋይል ማጣትን ያውቁታል። በ2014፣ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ፣ ከተሞቹ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር ሲጫን መዝገቡ አብሮ ይጫናል። (ሁለቱ ከተሞች ተከታትለው ስለተያዙ የደሴን ኮፒ ኮምቦልቻ ማስቀመጥም ባልረዳ ነበር።) በ2015 ማብቂያ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ፍላሹ ፖስታ ቤትም መዝገብ ቤትም ሆነ። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የነጋዴው ሒሳብ፣ የሟች አባት ፎቶ፣ ሁሉም ኪስ ውስጥ ባለች አንዲት ዕቃ ላይ ነው። ሙከራው የሚካሄደው በዚህች ላይ ነው።

ደጋግመን ሞክረን ምንም አልሆነም የሚሉ አሉ። ደህና ዕቃ እውነትም ይሸከማል፤ በተለይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲሆን ትርፉ ሊታይ ይችላል። ቺፑ የሚከዳው ግን እየጻፈ መሀል ላይ ከሆነ፣ የፋይል ማውጫው ሊበላሽና ቀድሞ የነበረውም ላይከፈት ይችላል። ያኔ ፍላሹ ቀድሞም ተበላሽቶ ነበር ይባልና ደንበኛው ፎርማት ተደርጎለት ይሸኛል፤ ለዚያውም ከፍሎ።

መቀየር የፈለገ ባለሙያ በራሱ ባዶ ዲስክ ይጀምር። ትልቅ ፋይል ጽፎ፣ ነቅሎ ሰክቶ፣ መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር ያስተያይ። ሊኑክስ ላይ ለተሰካው ዕቃ ብቻ የተሰጠ ቁጥር ሲነቀል ስለሚጠፋ ለሁሉም በአንዴ መቀየር አያስፈልግም። የደንበኛ ፍላሽ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ሌላ ኮፒ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ ከሌለ ቁጥሩን ትቶ ኮፒውን ይሥራ።